ዓመት፣ እርከን፣ ችሎታ፦ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእስፓኝኛ ትምህርት አከፋፈል ታሪክ

የውጭ ቋንቋ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ከመምህሩና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አብሮ የሚገኝ አንድ መለኪያ አለ። ተማሪው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚነገረው በዚህ መለኪያ ነው። መለኪያውም ስም ያስፈልገዋል። ስሙ ከጊዜ የተወሰደ እንደ ሆነ አንድ ነገር ያመለክታል፤ ከትምህርቱ ይዘት የተወሰደ እንደ ሆነ ሌላ ነገር ያመለክታል፤ ከተማሪው ችሎታ የተወሰደ እንደ ሆነ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር ያመለክታል። ሦስቱ ሲደባለቁ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ተማሪው ዘንድ ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን የምንመረምረው በአንድ የታወቀ ምሳሌ፣ ይኸውም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሚሰጠው የእስፓኝኛ ትምህርት ነው። እዚያ ተማሪው ከ«እስፓኝኛ አንድ» ተነሥቶ በየዓመቱ አንድ ቁጥር እየጨመረ እስከ «እስፓኝኛ አራት» ይወጣል። ምሳሌውን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የተማሪው ብዛት ታላቅ ነው፤ በ2014–15 የትምህርት ዘመን ላይ የተመሠረተ ቆጠራ እንደሚያሳየው፣ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ክፍሎች የውጭ ቋንቋ ከሚማሩት ከ10 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እስፓኝኛ ይማሩ ነበር። ሁለተኛ፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት መለኪያዎች በዚያ አገር አንዱ ሌላውን ሳይተካ ተራ በተራ ስለ ገቡ የስያሜው ታሪክ በግልጽ ይታያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከነጋዴ ቋንቋነት እስከ ዩኒቨርሲቲ ወንበር

እስፓኝኛ በአሜሪካ ትምህርት ውስጥ የገባው በጥቅም በኩል ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1749 ስለ ፔንሲልቬንያ ወጣቶች ትምህርት ባቀረበው ሐሳብ፣ ለክህነት የሚዘጋጁት ላቲንና ግሪክ፣ ለንግድ የሚዘጋጁት ግን ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና እስፓኝኛ እንዲማሩ ጽፎአል። ቶማስ ጄፈርሰንም በ1787 ለእኅቱ ልጅ ለፒተር ካር በላከው ደብዳቤ እስፓኝኛን በትጋት እንዲያጠና መክሮታል። ምክንያቱም አሜሪካ ከእስፓኝና ከእስፓኝ ቅኝ ግዛቶች ጋር ያላት ግንኙነት ወደ ፊት ቋንቋውን አስፈላጊ እንደሚያደርገው ስላመነ ነው።

የከፍተኛ ትምህርቱ በር የተከፈተው በሐርቫርድ ነበር። ጆርጅ ቲክነር በ1819 የፈረንሳይኛና የእስፓኝኛ ወንበርን ይዞ ማስተማር ጀመረ፤ በ1849 የእስፓኝኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክን በሦስት ቅጽ አሳተመ። ይሁን እንጂ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክብሩ ስፍራ የላቲን ነበር፤ ከዘመናውያን ቋንቋዎችም ቅድሚያው የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ ነበር። የአገሪቱ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር ያቋቋመው «የአሥራ ሁለቱ ኮሚቴ» በ1898 ባወጣው ሪፖርት የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት መጀመሪያ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ በሦስት ሲከፍል፣ ያሰበው ስለ ጀርመንኛና ስለ ፈረንሳይኛ ነው። እስፓኝኛ ወደዚህ ቤት የገባው ቤቱ በሌሎች ልክ ከተሠራ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

2. ሰዓት መለኪያ ሲሆን

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የአሜሪካ ኮሌጆች አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ይኸውም ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የሚመጡት ተማሪዎች ምን ያህል እንደ ተማሩ በአንድ ሚዛን ለመመዘን አለመቻል ነበር። በ1905 የተቋቋመው የካርኔጊ ድርጅት ለኮሌጅ መምህራን የጡረታ አበል ለመስጠት ሲነሣ፣ «ኮሌጅ» የሚባለው የትኛው ተቋም እንደ ሆነ መወሰን ነበረበት። ለዚህም ሲል የመግቢያ ትምህርትን በሰዓት ቆጠረ። አንድ የትምህርት ዓይነት በዓመት ውስጥ 120 ሰዓት ያህል ከተሰጠ አንድ «አሀድ» ተባለ። ይህም «የካርኔጊ አሀድ» በመባል ይታወቃል።

እንግዲህ በኋላ «እስፓኝኛ አንድ»፣ «እስፓኝኛ ሁለት» የተባለው አከፋፈል መሠረቱን ያገኘው ከቋንቋው ጠባይ ሳይሆን ከጡረታ አበል አሠራር ነው። አሀዱ ለሒሳብም፣ ለታሪክም፣ ለቋንቋም አንድ ዓይነት ነበር። በዚህ ሚዛን ቋንቋ በሙላት ወይም በጉድለት አይለካም፤ የሚለካው ተማሪው በወንበር ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ለመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ምቹ ስለ ነበረ ሚዛኑ ጸና፤ እስከ ዛሬም አልተሻረም።

3. ጦርነቱና የእስፓኝኛ መስፋፋት

በ1910 ከሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውስጥ እስፓኝኛ የሚማሩት ከመቶ 0.7 ብቻ ነበሩ። በ1915 ቁጥሩ ወደ 2.7 ከፍ አለ። የፓናማ ቦይ በ1914 ለመርከብ በመከፈቱ ከደቡብ አሜሪካ ጋር የሚደረገው ንግድ ተስፋ አሳድሮ ነበር። በዚያው በ1915 ጀርመንኛ የሚማሩት ከመቶ 24 ያህል ነበሩ።

አሜሪካ በሚያዝያ 1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገባ ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ተባለ። የነብራስካ ግዛት በ1919 ባወጣው ሕግ፣ ስምንተኛ ክፍልን ላልጨረሱ ልጆች ዘመናዊ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሕግ በ1923 ሜየር በነብራስካ ላይ በመሠረተው ክስ ሽሮታል፤ ነገር ግን ፍርዱ ሲደርስ የጀርመንኛ ክፍሎች ባዶ ሆነው ነበር። በ1922 ጀርመንኛ የሚማሩት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ እስፓኝኛ የሚማሩት ግን ከመቶ 11.3 ደርሰው ነበር።

በ1917 የአሜሪካ የእስፓኝኛ መምህራን ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሎረንስ ዊልኪንስ፣ «ሂስፓንያ» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ አዘጋጅ ደግሞ አውሬልዮ ኤስፒኖሳ ነበሩ። ማኅበሩና መጽሔቱ ለሙያው ክብር ሰጡት። ቢሆንም መስፋፋቱ የተዘጋጀ አልነበረም። እስፓኝኛ የወረሰው የጀርመንኛን ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የጀርመንኛን የሰዓት ሠሌዳና የዓመት አከፋፈል ጭምር ነው።

4. የሁለት ዓመት ዕጣ

ከ1924 እስከ 1927 በአሜሪካና በካናዳ ስለ ዘመናዊ የውጭ ቋንቋ ትምህርት ሰፊ ጥናት ተካሄደ። የጥናቱን ውጤት በ1929 ያጠቃለለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰው አልጀርነን ኮልማን ነው። ጥናቱ ያገኘው ዋና ነገር አጭርና ከባድ ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ ቋንቋውን የሚማረው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ መናገር፣ መስማት፣ ማንበብና መጻፍ ሁሉ ሊሟላ ስለማይችል፣ ሪፖርቱ ዋናው ዓላማ ማንበብ እንዲሆን አሳሰበ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ያለውን አካሄድ ማስተዋል ይገባል። ጊዜው ለዓላማው እንዲበቃ በማስፋት ፈንታ ዓላማው በጊዜው ልክ ተቈረጠ። ብዙ መምህራን በዚያው ጊዜ ቅሬታቸውን ገልጠዋል፤ ሠሌዳው ግን እንደ ነበረ ቀጠለ።

የዚሁ ጥናት ሌላ ፍሬ በተለይ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚጠቅም ነው። በ1927 የቶሮንቶው ሚልተን ቡካናን ከ1 ሚሊዮን በላይ ቃላት ያሉባቸውን የእስፓኝኛ ጽሑፎች በማስቈጠር፣ ቃላቱን እንደ ድግግሞሻቸውና እንደ ስርጭታቸው በተራ ያስቀመጠ መጽሐፍ አወጣ። ሃይዋርድ ኬኒስተን ደግሞ በ1929 የፈሊጣዊ አነጋገሮችን ዝርዝር አሳተመ። የትምህርቱ ደረጃ ከሰዓት ቆጠራ ወጥቶ ከቋንቋው በተገኘ ማስረጃ ሊመሠረት እንደሚችል በተግባር ያሳዩት እነዚህ ናቸው። ጉድለታቸው ቆጠራው ከተጻፈ ቋንቋ ብቻ መደረጉ ነው፤ በማድ ቤትና በገበያ ዘወትር የሚሰሙ ቃላት በመጽሐፍ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚገኙ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ለአማርኛ ተመሳሳይ ቆጠራ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

5. «ዓመት» በ«እርከን» ሲተካ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የጀመረው ልዩ ሥልጠና፣ ብዙ ሰዓት በጥቂት ወራት ውስጥ ከተሰጠና ንግግር ከቀደመ ወጣቶች ቋንቋ ሊናገሩ እንደሚችሉ አሳየ። ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ ደግሞ፣ በመስከረም 1958 የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ታወጀ። በሕጉ መሠረት ለውጭ ቋንቋ መምህራን ሥልጠናና ለመሣሪያ የመንግሥት ገንዘብ ተመደበ። የቴፕ መቅረጫና የጆሮ ማዳመጫ ያላቸው የቋንቋ ላቦራቶሪዎች በየትምህርት ቤቱ ተተከሉ።

የስያሜ ለውጥ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1961 መውጣት የጀመረውና የመስማትና የመናገር ዘዴን የተከተለው «ኦዲዮ ሊንጓል ማቴሪያልስ» የተባለው የመማሪያ መጻሕፍት ተከታታይ፣ የእስፓኝኛውን መጀመሪያ መጽሐፍ «የመጀመሪያ ዓመት» በማለት ፈንታ «እርከን አንድ» ብሎ ሰየመው። ሐሳቡ መልካም ነበር። እርከን ማለት ተማሪው ያለፈበት ይዘት እንጂ ያሳለፈው ጊዜ አይደለም። ስለሆነም በ9ኛ ክፍል በአንድ ዓመት የሚፈጸመው እርከን፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በሁለት ዓመት ሊፈጸም ይችላል።

ይሁን እንጂ ስሙ ሲለወጥ አሠራሩ አብሮ አልተለወጠም። ትምህርት ቤቱ አሁንም በዓመት አንድ አሀድ ይመዘግብ ነበር። በመሆኑም «እርከን ሁለት» በተግባር «ሁለተኛ ዓመት» ለሚለው ሌላ ስም ሆነ። ይህ መደባለቅ እስከ ዛሬ በመመሪያዎች ውስጥ ይታያል። የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደንብ ከእንግሊዝኛ ሌላ የአንድ ቋንቋ ሁለት ዓመት ትምህርት፣ ወይም ከሁለተኛው እርከን ጋር የሚመጣጠን ትምህርት ይጠይቃል። ጊዜውና ይዘቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ተመሳሳይ ቃላት ተቀምጠዋል።

6. እርከኖቹ የያዙት

የየግዛቱና የየመጽሐፉ አደረጃጀት ቢለያይም፣ የተለመደው አከፋፈል እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያው እርከን ተማሪው የአሁን ጊዜን፣ የስሞችን ጾታና የቅጽሎችን ስምምነት፣ እንዲሁም «ሴር» እና «ኤስታር» የተባሉትን ሁለት የ«መሆን» ግሦች ይማራል። በሁለተኛው ሁለቱን የኃላፊ ጊዜ መልኮች፣ የተሳቢ ተውላጠ ስሞችንና ትእዛዝን ይማራል። በሦስተኛው «ሱብኹንቲቮ» የተባለው የግሥ መልክ በሰፊው ይቀርባል። በአራተኛው ይኸው መልክ በኃላፊ ጊዜ ይታያል፤ የሥነ ጽሑፍ ንባብም ይጨመራል። ከዚያ በላይ በ1955 የተጀመረው የኮሌጅ ደረጃ ቅድሚያ ፈተና አለ።

በእነዚህ ርእሶች አሰያየም ላይ እስፓኝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው አልተስማሙም። «ካንቴ» (ዘፈንሁ) የሚለውን መልክ የእስፓኝ ንጉሣዊ አካዳሚ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «ፕሬቴሪቶ ኢንዴፊኒዶ» ይለው ነበር፤ ከ1973 ወዲህ «ፕሬቴሪቶ ፔርፌክቶ ሲምፕሌ» ብሎታል። በቬኔዝዌላ የተወለደው አንድሬስ ቤልዮ በ1847 ባሳተመው ሰዋስው ግን በቀላሉ «ፕሬቴሪቶ» ብሎት ነበር፤ «ካንታባ» (እዘፍን ነበር) የሚለውንም «ኮፕሬቴሪቶ»፣ ማለት ከኃላፊው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ብሎ ጠራው። የቤልዮ ስያሜ የቃሉን ሥራ ስለሚያስረዳ ለአማርኛ ተማሪ የቀረበ ነው፤ «እዘፍን ነበር» የምንለው ሌላ ድርጊት በተፈጸመበት ጊዜ ገና ያልተቋጨውን ነውና።

አማርኛ ተናጋሪ እስፓኝኛ ሲማር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ የሚቀሉት ነገሮች አሉ። «መ ጉስታ» የሚለው አነጋገር እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ያደናግራል፤ ባለቤቱ የተወደደው ነገር፣ ሰውየው ግን ተቀባይ ነው። «ደስ ይለኛል»፣ «ራበኝ»፣ «አመመኝ» ለሚል ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። «ሱብኹንቲቮ» ደግሞ በግእዝ ሰዋስው ሣልሳይ ወይም ዘንድ አንቀጽ ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ «ኪዬሮ ኬ ቬንጋ» ማለት «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ መልክ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «ዘንድ አንቀጽ» የሚለው ነባር ስም ቢጠብቅ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ የአከፋፈሉ ጉዳት ይገለጣል። ምኞትን፣ ጥርጣሬን፣ ልመናንና ስሜትን ለመግለጥ የሚያስፈልገው ዘንድ አንቀጽ በሰፊው የሚቀርበው በሦስተኛው እርከን ነው። ከሁለተኛው እርከን በኋላ የሚያቆመው ተማሪ የሆነውንና የሚሆነውን ይናገራል፤ እንዲሆን የሚሻውን ግን አሟልቶ ለመናገር አይችልም።

7. ችሎታ ሦስተኛ መለኪያ ሲሆን

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቋንቋ ማሠልጠኛ በ1950ዎቹ ለዲፕሎማቶች ከ0 እስከ 5 የሚደርስ የችሎታ ሚዛን አዘጋጀ። የሚጠየቀው ሰውየው ስንት ዓመት ተማረ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል የሚል ነበር። በ1967 የተመሠረተው የአሜሪካ የውጭ ቋንቋዎች ትምህርት ምክር ቤት ይህን ሚዛን ለትምህርት ቤት እንዲስማማ አድርጎ በ1982 ለሙከራ፣ በ1986 በጸና መልክ አወጣው። ደረጃዎቹም ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛና የላቀ የሚባሉ ሲሆኑ፣ በ2012 ከሁሉ በላይ አንድ ተጨምሮባቸዋል።

ሦስቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። ያው ማሠልጠኛ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እስፓኝኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምት ነበር። በካርኔጊ አሀድ ስንቆጥር ሁለት ዓመት 240 ሰዓት፣ አራት ዓመት 480 ሰዓት ነው። ስለሆነም ሁለት ዓመት ተምሮ ቋንቋውን ያልተናገረ ተማሪ ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ትክክል አይሆንም፤ መሰላሉ ራሱ ከሚደረስበት ቤት ያጠረ ነው።

በአንጻሩም መሰላሉ የማያየው ተማሪ አለ። በቤቱ እስፓኝኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የትምህርት ዓመቱ ባዶ ስለሆነ «እስፓኝኛ አንድ» ውስጥ ተቀምጦ ስለ እናቱና ስለ አባቱ አጠራር እንዲማር የሚደረግበት ጊዜ ነበር። ለእነዚህ ተማሪዎች የተለየ ትምህርት እንዲዘጋጅ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብርቱ ክርክር ተደርጓል፤ በዚህ ረገድ የጓዳሉፔ ቫልዴስ ጥናቶች የታወቁ ናቸው። ልጁ ንግግሩ የጠነከረ፣ ጽሕፈቱ የላላ ስለሆነ፣ በአንዱ እርከን አናት ላይ በሌላው ደግሞ ግርጌ ላይ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ያለው መለኪያ ይህን ሊገልጥ አይችልም።

ነገሩ አማርኛንም ይነካል። ያው ማሠልጠኛ ለአማርኛ ይገምት የነበረው 1,100 የክፍል ሰዓት ያህል ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ አማርኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ ሰዓት የሚያህል ችሎታ አለው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ፊደል እንኳ አይለዩም። ቢሆንም በዓመት ቆጠራ ከሄድን ያለው ዜሮ ነው፤ ቋንቋ የሚቆጠርለት እስፓኝኛ አንድ ብሎ ሲጀምር ብቻ ነው። በችሎታ መለካት ሲጀመር ግን ስፍራ ያገኛል። በቨርጂንያ የፌርፋክስ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በችሎታቸው የቋንቋ አሀድ እንዲያገኙ በሚሰጡት ፈተና ውስጥ አማርኛ ተካቷል። የካሊፎርንያ ግዛትም በ2011 ባወጣው ሕግ ሁለት ቋንቋ አሟልተው የሚያውቁ ተማሪዎች በዲፕሎማቸው ላይ ማኅተም እንዲደረግላቸው ወስኗል፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል።

8. ስለ አማርኛው ስያሜ

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ቃላት ሥራ የሚወሰድ ትምህርት አለ። በአማርኛ «ደረጃ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። «አንደኛ ደረጃ እስፓኝኛ» ብንል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነውን? የመጀመሪያው ክፍለ ትምህርት ነውን? ወይስ የጀማሪ ችሎታ ነው? አንባቢው ሊወስን አይችልም። ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። ትምህርቱ የወሰደው ጊዜ ሲሆን «ዓመት» ወይም «ሰዓት» ይባል። በቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይዘት ሲሆን «እርከን» ይባል። ተማሪው ሊሠራበት የሚችለው ሲሆን «የችሎታ ደረጃ» ይባል። «ደረጃ» ያለ ቅጽል ብቻውን ሲቆም ለትምህርት ቤት አከፋፈል ይቅር።

ሦስቱን መለየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል፤ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው ያለፈበት ዓመት ሳይሆን መምህሩ ፊት ቆሞ ያቀረበው ቅኔ ነው። አንዱ በጥቂት ወራት፣ ሌላው በብዙ ዓመታት ቤት ይሞላል። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ለመቶ ሺሕ ተማሪዎች በደወል ለሚመራ ትምህርት ቤት እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም፤ ጥቂት ተማሪና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃልና። ነገር ግን በስያሜው ላይ ስሕተት የለበትም። ጉባኤ ቃና የሚለው ስም የሚነግረን ተማሪው የሠራውን ነው።

በአሜሪካ ታሪክ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ጊዜው ተቈጠረ፤ ቀጥሎ ዓላማው በጊዜው ልክ ተቈረጠ፤ በመጨረሻ ለጊዜው የይዘት ስም ተሰጠው። ችሎታን የሚለካው ሦስተኛው ሚዛን ከመጣ በኋላም የቀደሙት ሁለቱ አልወጡም። አማርኛን ለውጭ ሰዎችና በውጭ ለሚያድጉ ልጆቻችን ለማስተማር መጻሕፍት በሚዘጋጁበት ጊዜ፣ በሽፋኑ ላይ «አንድ» ተብሎ የሚታተመው ቁጥር ከሦስቱ የትኛውን እንደሚቆጥር አስቀድሞ ይወሰን። ተማሪው መጽሐፉን ሲዘጋ ምን ማለት እንደሚችል ሊነግረው የሚገባው ይኸው ቁጥር ነው።